አምስት ቁጥር፣ አንድ ባቡር

ጥቅምት 9

ለልጄ ልጅ ለድንቢጤ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ምሳ በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ እንደ ድሮሽ ዳቦ እየቆረጠምሽ ትሮጫለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብትጠይቂኝ ከኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ጀምሯል፤ ሲያሰኘው ይሄዳል፣ ሲያሰኘው ይቀመጣል፣ እኔን አያማክርም።

ደብዳቤሽን አጎትሽ አመጣልኝ። ከደረት ኪሱ ሲያወጣው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የኛ ፖስታ ቤት ከተዘጋ ወዲህ የሰፈሩ ደብዳቤ ሁሉ የሚሄደውም የሚመጣውም በሱ ኪስ ነው። ይሄንንም እሱው ይዞት ይሄድና ትልቁ ጣቢያ ሲደርስ ፖስታ ቤት ይጥልልሻል። ፊደሌ ቢንጋደድ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ወቀሳውን ለራስሽ ያዢው።

እና ባንኩ የኛን የባቡር ድርጅት ጉዳይ ለአንቺ ሰጠሽ! «የባቡር ድርጅቱን አደጋ እየገመገምኩ ነው» የሚለውን ሳነብ ልቤ ቀጥ አለች፤ ባቡር ተገልብጦ አጎትሽን የደበቁኝ መስሎኝ። እሱ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ሾርባውን ይምጋል። ዝቅ ብዬ ሳነብ ለካ የገንዘብ አደጋ ነው። ድርጅቱ አዲስ ባቡርና አዲስ ሐዲድ ልግዛ ብሎ ከባንካችሁ ሊበደር ነው፤ አንቺ ደግሞ «ይመልሳል» ወይም «አይመልስም» ልትዪ ነው። አንቺዬ፣ ሰው ገና ሳይበደር መክፈል አለመክፈሉን ማወቅ ሥራ ነው ጥንቆላ? ጠንቋይ እንኳ «ይመስለኛል» ይላል።

«ባቡሩ በየቀኑ ይመጣል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ድርጅቱ በየቀኑ ብሎ ከጻፈ በየቀኑ ይጠበቃል ማለቱ ነው። መጠበቁንማ እንጠብቀዋለን። የሚመጣው ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ እንደ ፈቃዱ። የጣቢያ ኃላፊያችንን ታስታውሺዋለሽ አይደል፣ ባቡሩ ገና ከትልቁ ጣቢያ ሳይነሳ «መጣ፣ መጣ» እያለ ሰዉን ከአግዳሚው የሚያስነሳውን? አሁንም «መጣ መጣ» ነው ስሙ፤ አሁንም ሰው ያስነሳል። ጭነትም አለ። አስፋልቱ ከተሠራ ወዲህ ሲሚንቶውን የጭነት መኪኖች ወሰዱት እንጂ ጭነትስ አለ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ አልጋ ጭኖ ሄዷል።

አንቺ ጥሩ ጥሩውን ጻፊላቸው። ቤቱ የድርጅቱ ነው፤ አያትሽ ሐዲድ ሲጠግን የሰጡት፣ ዛሬ በአጎትሽ ሥራ የቆየልን። ባቡሩ ከቀረ ቤቱም ይቀራል። አጎትሽ ደግሞ ከመንዳት ሌላ ሙያ የለው። ባቡር ከሌለ ምን ሊነዳ ነው፣ እኔን?

ለማንም አትንገሪ ያልሽኝን ጠብቄያለሁ። ለትኬት ቆራጯ ብቻ ነው የነገርኳት።

አያትሽ


ኅዳር 3

ለድንቢጤ፦

ይቅርታ፣ ሺ ጊዜ ይቅርታ። «የባንክ ምስጢር ነው ብዬሽ የለም ወይ» ያልሽው እውነትሽን ነው። ግን እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው፤ ከዛ ወዲያ የሄደበትን መንገድ ምን አውቃለሁ? ትኬት ቆራጯም ብትሆን ምን ታድርግ፤ ቀኑን ሙሉ ትኬት የሚገዛት ሲጠፋ ወሬ ትሸጣለች።

አሁን ሰፈሩ ሁሉ እኔን ባንክ አድርጎኛል። መጣ መጣ ሳይቀር ኮፍያውን አውልቆ ከተፍ አለ። «እማማ፣ የልጅ ልጅዎ ስለኔ ብትጠይቅ ሰዓት አክባሪ ነው ይበሉልኝ» አለኝ። «የትኛውን ሰዓት ነው የምታከብረው?» አልኩት፤ የጣቢያው ሰዓት ከቆመ ስንት ዘመኑ! «እሱኑ ነዋ፤ አክብሬው አልነካሁትም» አለና እርፍ። ይሄ ሰውዬ የዋዛ አይደለም።

«ሰባት ቁጥርን በቅርቡ አይተሻታል ወይ?» ያልሽው ግን አሳቀኝ። ጎታቿን ማለትሽ ነው አይደል፣ ፉርጎዎቹን የምትስበዋን? አይቻታለሁ እንጂ! ሰባትንም አይቻለሁ፣ ዘጠኝንም አይቻለሁ፣ ስምንትንም አይቻለሁ። አንድ ናቸው እኮ! ሰው ልብስ ይቀይር የለ፣ እሷም ቁጥር ትቀይራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ድሮ አምስት ጎታች ነበረው፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ቁጥር። አራቱ ሞተዋል። አጎትሽና መካኒኮቹ ከአንዷ ፍሬኗን፣ ከአንዷ ቱቦዋን፣ ከአንዷ ብሎኗን እየፈቱ አንዷ ላይ ነፍስ ዘርተውባታል። የሞቱት ከጋራዡ ጀርባ ሣር በቅሎባቸዋል፤ አምስት ቁጥር ውስጥ የጎረቤት ዶሮ ጫጩት ትፈለፍላለች። ታዲያ ከዋናው መሥሪያ ቤት «ንብረት ቆጣሪ ሊመጣ ነው፣ አምስት ማሳየት አለብን» ይባላል። ቆጣሪዎቹ በመኪና ነው የሚመጡት። ጠዋት ትልቁ ጣቢያ ላይ ሦስት ቁጥርን ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ከዛ ምሳ ይጋበዛሉ፤ ምሳውን የሚያስረዝም ሰው ራሱን ችሎ ተመድቧል አሉ። እነሱ አጥንት ሲግጡ አጎትሽ እሷኑ እያበረረ እኛ ጋ ይደርሳል፣ ብሩሹን ያወጣል፣ ከሰዓት ሲመጡ ስምንት ቁጥር ሆና ትጠብቃቸዋለች። በማግስቱም እንደዛው፣ በሌላ ጣቢያ በሌላ ቁጥር። «ከሦስት ወደ ስምንት ቀላል ነው እማዬ፣ የተከፈተውን መዝጋት ነው፤ መከራው ከሰባት ወደ ዘጠኝ ነው» ይለኛል። ቀለሙ ተደራርቦ ከመወፈሩ የተነሳ ዕውር እንኳ በእጁ ዳስሶ ያነበዋል።

አንድ ባቡር አምስት አድርጎ የሚያኖር ሠራተኛ ያለው ድርጅት ብድር መመለስ ያቅተዋል? ይሄንንም ጻፊላቸው። ደሞዝ ወር ሲዘል እንኳ ከሥራ የቀረ ሰው የለም።

አጎትሽ በር ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ደብዳቤውን አምጪው፣ ልነሳ ነው» ይለኛል። ምን እንደጻፍኩ ቢያውቅ በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አያትሽ


ኅዳር 27

ለድንቢጤ፦

የመጀመሪያው ሦስት መስመር ጥያቄ ብቻ? እንደምን ነሽ እንኳ የለው። «ማን ቀባው፣ ማን አዘዘው፣ በጽሑፍ ነው በቃል?» የፖሊስ ደብዳቤ መስሎኝ ገልብጬ አየሁት። ደግሞ ከታች «እንደጠየቅኩሽ ለአጎቴ እንዳትነግሪው»።

ድንቢጤ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እኔን ነው።

እኔ እኮ አሮጊት ነኝ። ዓይኔም ፈዟል። አንዱን ባቡር አምስት ጊዜ አይቼው ይሆናል፣ አምስቱን አንድ ብዬው ይሆናል። የጻፍኩትን ቀልድ ነው በዪው። ቅደጂው።

አትቀድጂውም፤ አውቅሻለሁ። ልጅ ሆነሽ ጎረቤት በስህተት የጨመረልሽን ከረሜላ መልሰሽ የሄድሽ ነሽ፤ ያን ቀን ኮርቼብሽ ነበር፤ ምነው አንድ ጥፊ ባቀመስኩሽ ኖሮ!

እሺ፣ ልመልስልሽ። የቀባው አጎትሽ ነው፣ በገዛ እጁ። ያዘዘው ከዋናው መሥሪያ ቤት ያ ሽቶ የሚቀባው ትልቁ አለቃ ነው፤ ለመጣ መጣ በስልክ ነገረው፣ መጣ መጣ ለአጎትሽ። ወረቀት የለም። ለአጎትሽ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ነጂ «ሂድ» ሲሉት ይሄዳል፣ «ቁም» ሲሉት ይቆማል። ፍሬኗስ ላልሽው፣ በቀደም «ከሬሳዎቹ የሚፈታ አልቀረም» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለኔ አይደለም፣ ለሾርባው ነው ያለው።

አንቺ ራስሽ ከሁለት የባንክ ሰዎች ጋር ለቆጠራ እንደምትመጪ ጽፈሻል። አጎቴ እዛ ይሠራል ብለሽ ለአለቃሽ ብትነግሪውም «ሌላ ሰው የለም፣ አንቺው ሂጂ» ማለቱን አነበብኩ። ደግ አለቃ ቢሆን ይከለክልሽ ነበር። «ጣቢያው ጋ እንዳትወጪ፣ ቤት ቁጭ በዪ» ማለትሽንም አየሁ። እሺ፣ እቀመጣለሁ።

ግን ድንቢጤ፣ ያየሽውን ባታዪው ምን አለበት? አምስት ሲሉሽ አምስት በዪ። ማን ይሞታል?

አያትሽ


ጥር 8

ለድንቢጤ፦

በደህና ገባሽ? መንገዱ አልጎዳሽም? ደጄ ደርሰሽ ሳትገቢ መሄድሽን አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፣ እስከ ትላንት፣ ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ።

ቤት ልቀመጥ ነበር፤ እግሬ ግን ነግሬሻለሁ፣ እኔን አያማክርም። ትኬት መሸጫው ጥግ ቆሜ አየሁሽ። ከስተሻል። ያ ጥቁር ኮት አምሮብሻል፣ ትከሻው ግን ሰፍቶሻል። በፌስታል የተቀቀለ እንቁላል ይዤልሽ ነበር፤ ትኬት ቆራጯ «ሂጂና ስጫት እንጂ» ስትለኝ «የማላውቃትን ሴትዮ?» አልኳት። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ዘጋች።

አጎትሽ እጁን ወደኋላ አድርጎ ጎታቿ አጠገብ ቆሟል። አንቺ «እንደምን ዋሉ» አልሽው። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገሽን ሰው «እርስዎ»! እሱም አንገቱን ደፍቶ «ደህና እመቤቴ» አለሽ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ መጣ መጣም ዓይኑን ወዲያ አዞረ። አንዱ ያንቺ ሰው «ስምንት ቁጥር አለች» ብሎ ጻፈ። አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። አንቺ ግን ጠጋ አልሽና ስምንቱ ላይ እጅሽን አሳረፍሽ፣ በግራ በኩል። የቀኙ ግማሽ የጠዋቱ ሦስት ነው፣ ደርቋል። የግራው ግማሽ ገና እርጥብ ነው። መዳፍሽ ነጭ ሆነ። አየሽው። አጎትሽን አየሽው። ከዛ እጅሽን እንዳለ ኮትሽ ኪስ ውስጥ ከተትሽው።

ድንቢጤ፣ እጅሽን ኪስሽ ስትከቺ እኔ ተስፋ አደረግኩ። ለኛ ብላ ደበቀችው አልኩ። ኮቱን በናፍጣ እሺው፣ ይለቃል።

«አጎቴ ምን አለ?» ብለሻል። ቤት ገብቶ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ታጠበ፣ ሳሙናው አለቀ። እንቁላሉን ብላ ብለው «ለሷ አልነበረም ወይ?» አለኝ። አልበላም። እኔም አልበላሁ። ለጎረቤት ሰጠነው።

ጽፈሽ ከሆነ ንገሪኝ። ካልጻፍሽም ንገሪኝ።

አያትሽ


ጥር 26

ውድ እማማ፦

ኮቱ አልለቀቀም። በናፍጣም አሸሁት።

ግምገማውን ትላንት አስገባሁ። ብድሩ እንዳይሰጥ ነው የጻፍኩት። በመያዣነት የቀረቡት አምስቱ ጎታቾች አንድ መሆናቸውንም ጻፍኩ።

ስሚኝ። ገንዘቡ ቢሰጥም አዲስ ባቡር አይገዛም ነበር፤ ለድሮ ዕዳ ነበር የሚሄደው። አጎቴ ፍሬን በሌላት ባቡር ወደ ጣቢያችሁ የሚያወርደውን ያንን ቁልቁለት መውረዱን ይቀጥል ነበር። «ማን ይሞታል?» ብለሽኝ ነበር። እሱ ይሞታል እማማ፤ ከኋላው የተሳፈረውም። ያልነገርኩሽ ደግሞ አለ፤ ድርጅቱ የሠራተኞቹንም ቤቶች በመያዣነት አቅርቧል። መክፈል ሲያቅተው መጀመሪያ የሚወሰደው ያንቺ ጣሪያ ነበር።

የአጎቴን ስም አልጻፍኩም። ያንቺንም አልጻፍኩም። «እርጥብ ቀለም ነካሁ» ብቻ ነው ያልኩት።

የያዝሽልኝ እንቁላል ባይደርሰኝም አይቼዋለሁ። ፌስታሉ ሰማያዊ ነበር።

ድንቢጥሽ


የካቲት 17

ለድንቢጤ፦

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ተቆጥቼ፣ አንዴ በጣም ተቆጥቼ። ሰላምታ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

ባንኩ እምቢ ባለ በሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መጥቶ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ትኬት ቆራጯ ጮክ ብላ ስታነብ ድምጿ መሃል ላይ ተሰበረ። ባቡሩ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ይቆማል። ሠራተኛው ይበተናል። ቤቶቹን ድርጅቱ ለዕዳው ስለሚሸጣቸው ለቃችሁ ውጡ። ከባንክ ያዳንሽው ጣሪያ ይኸው በሌላ በር ወጣ። አንቺ ምን ታደርጊ፤ ውሃ ከሁለት ወገን ሲመጣ አንዱን ብትገድቢ ያው መስጠም ነው።

ስሙን አልጻፍኩም ያልሽውም አልጠቀመውም። «ቁጥሩን የቀያየረው ነጂው ነው፣ በራሱ ፈቃድ፣ ድርጅቱን ለማታለል» ብለው ጻፉበት። ለምርመራ ይቅረብ ተብሏል። ያ ሽቶ የሚቀባው አለቃ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፣ በሹመት አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ትእዛዙ በወረቀት አልነበረማ! መጣ መጣን ሄጄ ያዝኩት። «አንተ፣ በስልክ የሰማኸውን መስክርለት» አልኩት። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ «እማማ፣ ጡረታዬን ቢከለክሉኝስ?» አለኝ። ሰውዬው አለቀሰ። ሰድቤው ልወጣ ነበር፣ ግን የሚሰደብ ነገር አጣሁበት።

አሁን ደግሞ አንድ እውነት ልንገርሽ፣ ተቆጥቼም ቢሆን። አጎትሽ ያን ቁልቁለት ሲወርድ ከሩቅ ጥሩንባውን ያስጮኻል። እዚህ ጣቢያ እስኪቆም ድረስ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ሾርባውን ሳማስል፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ እቆማለሁ። ይሄን ካወቅሽ ጥሩውን ብቻ አትጽፊም ብዬ ነው የደበቅኩሽ። እንግዲህ ከመጋቢት ወዲያ አልይዝም። ለዚህስ ተመስገን ልበል?

«አጎቴ ጠላኝ ወይ?» ላልሽው፣ አልጠላሽም። ይኮራብሻል እንጂ! ጋራዥ ሄዶ «ስንት ዓመት ሙሉ ስንቱ ቆጣሪ መጣ፣ አንድም ቀለሙን የነካ የለም፤ የእህቴ ልጅ መጣች፣ አንዴ በእጇ ዳሰሰች፣ አለቀ» እያለ ያወራል። የራሱን መያዝ እንደ ጀብድ ሲያወራ መስማት ምን እንደሚመስል አልነግርሽም።

ሌላውን ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ዛሬ ደክሞኛል።

አያትሽ


መጋቢት 13

ለድንቢጤ፦

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎችሽ ሁለቱም ደርሰውኛል፣ አንድ ላይ።

እቃ እየቋጠርኩ ነው። የሰው ልጅ ስንት ክዳን አልባ ድስት ያጠራቅማል! አያትሽ ሐዲድ የሚያጠብቅበት ትልቁ መፍቻ ከአልጋ ሥር ተገኘ፤ ሚዛን የሚደፋ እሱ ብቻ ነው፣ የሚገዛው ግን ጠፋ። የምንገባው ትኬት ቆራጯ እናት ቤት ነው፣ ከጓሮ አንድ ክፍል አላቸው። ከእሷ ጋር አንድ ግቢ መኖር ማለት ሬዲዮ ውስጥ መኖር ነው፣ ግን ሌላ ማን ጠራን? አንቺ ጋ ነይ ያልሽኝን አልመጣም። አጎትሽን ለማን ትቼ?

ዛሬ ሰኞ ነው፤ የመጨረሻዋ ናት። አጎትሽ ጎታቿን ወደ ትልቁ ጣቢያ ወስዶ ያስረክባል፣ ለቁራጭ ብረት ልትሸጥ ነው። ከዛው ወደ ምርመራው ይሄዳል። ጠበቃ እይዝለታለሁ ያልሽውን ነገርኩት፤ «ልጅቷ ሥራዋን እንዳታበላሽ፣ ከኔ ጋር አትታይ» አለ። «ማን አዘዘህ ሲሉህስ?» ስለው «ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ» ነው የሚለው። መጣ መጣን እንኳ አይጠራም፤ «ጡረታው ደርሷል» ይላል። እንዴት እንደሚያልቅ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። አንቺ እንደሆንሽ ሳይደርስ ማወቅ ሥራሽ ነው።

ጠዋት ተነስቶ ሊያጥባት ሄደ። የምትቆራረጥ ብረት እኮ ነው የሚያጥበው! ቁጥር ግን አልጻፈባትም። ምነው ብለው «የትኛውን ልጻፍ?» አለኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ጣቢያው ላይ ነው፤ ከመስኮቴ ይታየኛል። መጣ መጣም ኮፍያውን አድርጎ ቆሟል፣ ዛሬ ግን «መጣ» አላለም። ባቡሯ ደርሳ ቆማለች፣ ምን ብሎ ይበል?

እሺ፣ ጥያቄሽ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ሁለት ጊዜ ዘለልኩሽ። «የነገርሽኝ አንቺ እንደሆንሽ አጎቴ ያውቃል ወይ?»

አያውቅም። አልነገርኩትም። ሾርባ ባቀረብኩለት ቁጥር ልነግረው አፌን እከፍትና ስለ ጨው አወራለሁ። እኔ፣ አፌ ተዘግቶ የማያውቀው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ድንቢጤ፤ ያኔ ማውጣት የሌለብኝን አወጣሁ፣ አሁን ማውጣት ያለብኝ አልወጣ አለኝ። ቀለሙን ያወቅሽው በመዳፍሽ ነው ብሎ ያምናል፣ እኔም በዛው ተውኩት። የኔን ነገር አንቺ ተሸክመሽልኛል። ይቅር በዪኝ ብዬ እንዳልጽፍ፣ መልስሽን የሚያመጣልኝ የለም።

ከመካኒኮቹ አንዱ ጥሩንባውን አስጮኸ። አጎትሽ በንጹሕ ሸሚዝ በር ላይ ቆሟል፣ «እማዬ፣ ጨረስሽ?» ይለኛል። እንደ ወትሮው በደረት ኪሱ ይይዝልሻል። ያኛውንም፣ የቀለሙን ወሬ የጻፍኩበትንም፣ እንዲሁ ነበር ይዞት የሄደው።

ማንበብ ያውቃል። ግን የሰው ደብዳቤ አይከፍትም። እንደዛ አድርጌ ነው ያሳደግኩት።

አያትሽ